ላስ ቬጋስ ላይ የት ይገዛ? ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም እህቴ። ለስብሰባ ላስ ቬጋስ አራት ቀን እንደምትቆዪ፣ ለቤተሰብ ጫማ፣ ጂንስና ሽቶ መግዛት እንደምትፈልጊ ጽፈሽ፣ «ከሆቴሉ ሥር ካሉት ሱቆች ልግዛ ወይስ ልውጣ?» ብለሻል። ውጪ። ፎረም ሾፕስም ሆነ ግራንድ ካናል የሚባሉት የሆቴል የገበያ ማዕከሎች የሚሸጡት በሙሉ ዋጋ ነው። ያምራሉ፣ ማታ ዞር ዞር ብለሽ እያቸው፤ ገንዘብሽን ግን ለሌላ ቦታ አቆዪው።

አንዱን ጠዋት ሙሉ በሙሉ ለአውትሌት፣ ማለትም ብራንዶች ዕቃቸውን በቅናሽ ለሚሸጡበት የገበያ ማዕከል፣ ስጪ። ከተማው ውስጥ ፕሪሚየም አውትሌት የሚባሉ ሁለት አሉ፤ ኖርዝና ሳውዝ። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ስለሆነ ኡበር ስትጠሪ የትኛው እንደሆነ ደግመሽ አረጋግጪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኖርዝ ዳውንታውን አጠገብ ነው፤ ከ150 በላይ ሱቆች አሉት፣ እንደ ኮች፣ ቶሪ በርችና በርበሪ ያሉ ስመ ጥር ብራንዶች ይበዙበታል። ግን ሱቆቹ የሚገኙት ክፍት ሜዳ ላይ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሆነ ከሰዓት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ስለሚያልፍ በሩ ሲከፈት ገብተሽ እስከ እኩለ ቀን ጨርሺ። ሳውዝ ጣሪያ ያለው፣ የቀዘቀዘ ሕንፃ ነው፤ ለስፖርት ጫማ፣ ለልጆችና ለአዘቦት ልብስ ይሻላል። ከጻፍሽው ዝርዝር አንጻር እኔ ብሆን ሳውዝን ነው የማስቀድመው። ሁለቱም የሳይመን ኩባንያ ስለሆኑ ከመሄድሽ በፊት በነፃ አባል ሁኚ፣ የቅናሽ ኩፖን ይሰጡሻል።

አውትሌት የተባለ ዕቃ ሁሉ ከዋናው ሱቅ የተረፈ አይደለም። ብዙ ብራንዶች ለአውትሌት ብለው ለብቻ ያሠራሉ፤ አንዳንዴ ጨርቁ ይሳሳል፣ ገበሩም ይቀራል። ጋፕ የሚባለው የልብስ ሱቅ ስትገቢ፣ ልብሱ አንገት ላይ ስሙ የተጻፈበትን ጨርቅ ገልብጠሽ እዪ። ከስሙ በታች ሦስት ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ካሉበት ለአውትሌቱ የተሠራ ነው። ለልጆች በቂ ነው፤ ግን የተሰረዘው ትልቅ ዋጋ አያጓጓሽ፣ ያ ልብስ በዚያ ዋጋ ተሽጦ ላያውቅ ይችላል።

ቅናሹንም ራስሽ አስዪው። «40 ፐርሰንት፣ በላዩ ተጨማሪ 20» ሲሉ 60 ፐርሰንት ማለታቸው አይደለም። የ100 ዶላሩ መጀመሪያ 60 ይሆናል፣ ከዚያ 48። ካሸር ላይ 8.375 ፐርሰንት ታክስ ይጨመርና 52 ዶላር ከ2 ሳንቲም ትከፍያለሽ። ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ለውጭ አገር እንግዳ ይህን ታክስ አይመልስም፤ ኤርፖርት ላይ መመለሻ ቢሮ ስትፈልጊ ጊዜሽን እንዳታባክኚ።

ጫማ በቁጥር ብቻ እንዳትገዢ። የናይክ የወንድ 9 በአውሮፓ ቁጥር 42.5 ነው፣ የሴት 8 ደግሞ 39፤ ሌላ ብራንድ ላይ ይለያያል። ከአገር ሳትወጪ የእያንዳንዱን ሰው እግር ወረቀት ላይ አስምረሽ፣ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በሴንቲሜትር ለኪ። ጂንስ በኢንች ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ወገብ፣ ሁለተኛው የውስጥ እግር ርዝመት።

ለሽቶና ለሻንጣ ሮስ፣ ማርሻልስና በርሊንግተን የሚባሉት የቅናሽ ሱቆች ግቢ፤ ሻንጣ እዚያ ከአውትሌቱ ይረክሳል። ዕቃው በየቀኑ ስለሚቀያየር ያየሽውን ነገ ላታገኚው ትችያለሽ። የሽቶውን ካርቶን ከከፈልሽ በኋላ እዚያው ከፍተሽ፣ ካርቶኑ ሥር የታተመው ኮድና ጠርሙሱ ሥር ያለው አንድ መሆናቸውን እዪ። ካልተመሳሰሉ ደረሰኙን ይዘሽ ወዲያው መልሺ። ቬጋስ ውስጥ ታክሲና ኡበር የሚነዳ ሀበሻ ብዙ ነው፤ የትኛው ሮስ ዕቃ እንደሚበዛበት እነሱን ጠይቂ።

የማልመክርሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። የአሜሪካው ካውያና ፀጉር ማድረቂያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። አይፎን ከፈለግሽ ካርየር (የስልክ መስመር ኩባንያ) ያልቆለፈበት መሆኑን ጠይቂ፤ ከ14 ጀምሮ የአሜሪካዎቹ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፣ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ነው።

ገንዘብ ከካዚኖ ኤቲኤም አታውጪ፣ ኮሚሽኑ ከባድ ነው። ኦንላይን አዘሽ ወደ ሆቴሉ ማስላክም አይበጅም፤ ብዙዎቹ ሆቴሎች ለእያንዳንዱ ጥቅል መቀበያ ያስከፍላሉ።

ኪሎውን ከአሁኑ አስቢበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቬጋስ አያርፍም። እስከ ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ ያለውን ለብቻ በሌላ ትኬት ከቆረጥሽ ያኛው አየር መንገድ በየሻንጣው ሊያስከፍልሽ ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ትኬት ይሁን። ትልቅ ሻንጣ ባዶውን 4 ወይም 5 ኪሎ ስለሚመዝን ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቀደው 23 ኪሎ የሚተርፍሽ 18 አካባቢ ነው። የጫማውን ካርቶን ጥለሽ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ክተቺ። ሽቶው በሚጫነው ሻንጣ መሃል፣ ጂንስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይግባ፤ ፓወር ባንክ ካለሽ ግን የሚጫነው ውስጥ አይፈቀድም፣ በእጅሽ ያዢው። የመጨረሻውን ቀን ለመግዣ አታድርጊው፣ ያልበቃና የተበላሸ የምትመልሺበት ይሁን።