ያቺን አንቀጽ እንዳታስቆርጪ

እህቴ፣ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ ተሠርተው ለኦስካር የታጩ የቅርብ ጊዜ ፊልሞችን መገምገም ልጀምር ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የምጽፈው ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ ነው። አንቺም እንደዚያው ትመስይኛለሽ። ስለ ካሜራና ስለ ትወና የሚመክርሽ ሰው ሞልቷል። እኔ ዋጋ ያስከፈለኝን ልንገርሽ።

1. ፊልሙን ከማየትሽ በፊት ስለ ታሪኩ ብዙ አታንብቢ። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተመልካች እዪው። መጽሐፉም ቃለ መጠይቁም በኋላ ይደረስበታል።

2. ፊልሙ ከታሪኩ የለወጠውን ለይተሽ ጻፊ። ለምን እንደለወጠውም ጻፊ።

የአቶም ቦምቡን ሥራ ስለመራው ሳይንቲስት የተሠራውን «ኦፐንሃይመር»ን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ2024 በ13 ዘርፍ ታጭቶ 7 የወሰደው ነው። ቦምቡ የምድርን አየር በሙሉ ያቀጣጥል ይሆን የሚል ስጋት ሲመጣ፣ በፊልሙ ኦፐንሃይመር የስሌቱን ወረቀት ይዞ አይንስታይን ዘንድ ይሄዳል። በእውነቱ ያማከረው ሌላ የፊዚክስ ሊቅ፣ አርተር ኮምፕተንን ነው። ዳይሬክተሩ ኖላን የቀየረው ተመልካች የሚያውቀውን ፊት ፈልጎ ነው። በእኔ እምነት ልክ አድርጓል። ያቺ ትዕይንት ባትኖር፣ ሁለቱ ኩሬው ዳር የሚነጋገሩት የመጨረሻው ንግግር ያን ያህል አይከብድም ነበር።

ይሄን በአንድ አንቀጽ ጽፌ በኢሜይል ላክሁና፣ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ወዳለ የመጽሔት ቢሮ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። አዘጋጁ ተቀመጥ እንኳን አላለኝም። ስልኩን እያየ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና አንቀጿን በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዛት። «አንባቢ ፊዚክስ አይፈልግም» አለኝ። ብከራከረው «ሥራችንን እናውቃለን» ብሎ በሩን አሳየኝ። መጽሔቱ ሲወጣ ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ከሀ እስከ ፐ እውነተኛ ታሪክ»! ከሥሩ የእኔ ስም።

ብዙም ሳይቆይ አራት ኪሎ ፊዚክስ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ገጹን ፎቶ አንስተው ለጠፉት። ጸሐፊው ስለሚጽፈው ነገር አያውቅም አሉ። ያንን ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይልክልኝ ጀመር። እርማት አውጡ ብዬ ብደውል የሚያነሳ የለም። ክፍያዬንም ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያዳነኝ ያ ኢሜይል ነው። አራት ኪሎ ሄጄ መምህሩን ሻይ ቤት አገኘኋቸውና ሙሉውን ጽሑፍ ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁና «ይቅርታ ልጄ፣ የቆረጡት እኮ ዋናውን ነው» አሉኝ። ያኑ ማታ የለጠፉትን አረሙ። አሁን ሳይንስ ያለበትን ጽሑፌን ከእሳቸው ቀድሞ የሚያነብ የለም። በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ ጽሑፍሽን እንደ ኢሜይል የተላከበትን ቀን በሚያሳይ ነገር ላኪ። ርዕሱን ሳያሳዩሽ እንዳያወጡም አስቀድመሽ በጽሑፍ ተስማሚ።

ለውጥ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ስለ ዘፋኙ ቦብ ዲላን በተሠራው ፊልም፣ ከሃዲ ለማለት ከተመልካች የተጮኸው «ይሁዳ!» እ.ኤ.አ. በ1965 በኒውፖርት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ይሰማል። በእውነቱ የተጮኸው እ.ኤ.አ. በ1966 ማንቸስተር ነው። ለእሱ አንድ መስመር ይበቃል።

3. እዚህ ላለ አንባቢ ጻፊ። የዋልተር ሳሌስ የብራዚል ፊልም፣ «አሁንም እዚህ ነኝ»፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም አቀፍ ፊልም ኦስካርን ወስዷል። የቀድሞው የፓርላማ አባል ሩቤንስ ፓይቫ እ.ኤ.አ. በ1971 በወታደራዊው መንግሥት ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። ሚስቱ ዩኒስ አምስት ልጆች ይዛ ቀረች። የሞት ምስክር ወረቀቱ እጇ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የመጽሔት ፎቶ አንሺ ለቤተሰቡ ኮስተር በሉ ሲላቸው፣ እሷ ልጆቿን ፈገግ በሉ የምትልበት ቦታ አለ። እኔን ትዝ ያሉኝ መስቀል አደባባይ በቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግድግዳ ላይ ያሉት ፎቶዎች ናቸው። ያንን ጻፍኩት። አንዲት እናት አንብበው «የወንድሜ ወረቀት እስከ ዛሬ የለም» ብለው ጻፉልኝ። የውጭ ገምጋሚ ይሄን ሊጽፍልሽ አይችልም። አንቺ ግን ትችያለሽ።

ዓመቱ ላይ እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሺ። ዝም ብለሽ 1971 ካልሽ አንባቢ የኛውን ያስባል። የኛም 1971 የደርግ ዘመን ስለሆነ ስህተቱን ማንም ልብ አይለውም።

የታሪኩ ባለቤት በሕይወት እንዳለም አጣሪ። በተጠለፈች ልጅ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተሠራው የኛው ፊልም «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቶ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ሊታይ ሰው ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆሟል። ስለ እንዲህ ያለ ፊልም ስትጽፊ ስለ ሕያው ሰው እየጻፍሽ ነው።

ለመጀመሪያው የብራዚሉን ያዢ። ስትጨርሺ ለማንም መጽሔት ከመስጠትሽ በፊት በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ አነብልሻለሁ።