በአፌ ዙሪያ የሚወጣው ብጉር ለምን አልለቀቀኝም?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ? የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ነኝ። በአፌ ዙሪያና አገጬ ላይ ደቃቅ ብጉር ከያዘኝ ከረመ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ብትቀባኝም አልለቀቀኝም። ጓደኛዬ የሰጠችኝን ክሬም ስቀባው በሁለት ቀን ጥፍት ይላል፤ ስተወው ብሶበት ይመለሳል። አሁን ደግሞ ማቃጠል ጀምሯል። ምን ይሻለኛል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እንደምን አለሽ እህቴ? «ስቀባው ጥፍት ይላል፤ ስተወው ብሶበት ይመለሳል» ያልሽው ዋናውን ነገር ይነግረኛል። ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ይህንኑ አቤቱታ ደጋግሜ እሰማለሁ። «እስቲ ቱቦውን አሳዪኝ» ስል፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ነው። ሁለቱም ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን መቆጣት የሚያበርዱ ጠንካራ መድኃኒቶች ናቸው። ለችፌና ለመሳሰሉት ሐኪም ሲያዛቸው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ፊት ላይ ሲለመዱ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፤ በአፍ ዙሪያ የሚያቃጥል ደቃቅ ሽፍታም ያመጣሉ። ስም ሳይኖረው በብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ፊት የሚያቀላ ክሬም ውስጥም ይኸው ሊኖር ይችላል።

መስታወት ፊት ቁሚና በደንብ እዪ። ሽፍታው ከንፈርሽ ጠርዝ ላይ ሳይደርስ ቀጭን ንጹሕ መስመር ትቶ ከቆመ፣ የክሬሙ ጣጣ መሆኑን በጣም እጠረጥራለሁ። ተራ ብጉር ከሆነ በመካከሉ ጥቁር ወይም ነጭ ራስ ያላቸው ፍሬዎች ታያለሽ። እናትሽ ያሉት ምች ደግሞ መጀመሪያ ይቆጠቁጣል፣ ከዚያ ውኃ የቋጠሩ ፊኛዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ይወጣሉ፣ ቅርፊት ሠርተውም ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ያንቺ ግን ከርሟል።

ስለዚህ ክሬሙን ተዪው። ከወራት በላይ ከተቀባሽው ግን ቀስ በቀስ እንዴት እንደምታቆሚው ሐኪም ያሳይሽ። ካቆምሽ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ፊትሽ ይብስበታል፤ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ቱቦው የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። እባክሽ አትመለሺ። ፊትሽን ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጽጃ ብቻ ታጠቢ፤ ፋውንዴሽኑንም ለጊዜው አቆዪው። ቆዳ ሐኪም ሜትሮኒዳዞል ክሬም ወይም የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ሊያዝልሽ ይችላል። እርጉዝ ከሆንሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ዶክሲሳይክሊን ለእርጉዝ አይሆንም። መዳኑ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

ከዕለት ተዕለት ልማድሽም የሚታረም አለ። ቫዝሊንና የከንፈር ቅባት ከከንፈር አልፎ ሲቀባ ሽፍታውን ሊያባብስ ይችላል። ጥርስሽን ከቦረሽሽ በኋላ የሳሙናው አረፋ አገጭሽ ላይ እንዳይደርቅ ፊትሽን መጨረሻ ላይ ታጠቢ። ፀጉርሽን ቅቤ ተቀብተሽ ስትተኚ ሻሽ እሰሪ፤ የትራስ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ እጠቢ፣ ቅቤው ሌሊቱን ፊትሽ ላይ ያርፋልና። ደንበኛ ስትጠብቂ አገጭሽን በእጅሽ አትደገፊ። ሎሚና የጥርስ ሳሙና ብጉር ላይ የሚቀቡ አሉ፤ ሁለቱም ቆዳን ያቃጥላሉ፣ የሚተዉት ጥቁረትም ከብጉሩ ይልቅ ይቆያል። ማፍረጥም እንዲሁ።

አገጭሽ ላይ የሚብሰው የወር አበባሽ ሲቃረብ ከሆነ ሆርሞን ሊሆን ይችላል። የወር አበባሽ ከተዛባና አገጭሽ ላይ ጠንካራ ፀጉር ከወጣ ግን ሐኪም ይመርምርሽ። የወሊድ መከላከያ መርፌ ከጀመርሽ በኋላ የመጣ ከመሰለሽም በራስሽ አታቋርጪ፤ የሰጠሽን ባለሙያ አማክሪ።

ጥያቄ፦ ፂሜን በተላጨሁ ማግስት አገጬና አንገቴ ላይ የሚወጣው ብጉር ነው?
ከአዳማ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ ጠጉሩ ተጠምዝዞ ወደ ቆዳ ሲገባ የሚፈጠር እብጠት ነው። ፂምህ ጥቅልል ከሆነ ይብስብሃል። ሙልጭ አድርገህ መላጨትህን ትተህ በማሽን አሳጥረው። ምላጭ ካልቀረ ፂምህን በሙቅ ውኃ አለስልስና ጠጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ተላጭ፤ አንድ ቦታ ላይ አትመላለስበት። ፀጉር ቤት የምትሄድ ከሆነ የራስህን ምላጭ ይዘህ ሂድ።