ዘጠኝ ፓራሜትር የሚቀበለውን የ«ዩዘር» ኮንስትራክተር እንዴት ላቅልለው?

ሰላም ወንድሜ። በፒኤችፒ የጻፍከው የ«ዩዘር» ክላስ ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክት ሲፈጠር በራሱ የሚጠራው ሜተድ) ዘጠኝ ፓራሜትር ይቀበላል፤ እዚያው ውስጥ ሴሽን (ተጠቃሚውን ከገጽ ገጽ የሚያስታውሰውን መዝገብ) ያስጀምራል፣ ዳታቤዝ ይጠይቃል፣ ፓስዎርድ ያረጋግጣል። እንዴት ላሳጥረው ነው ጥያቄህ።

ከማሳጠሩ በፊት ግን ዛሬውኑ መስተካከል ያለበት ነገር አለ። ፓስዎርዱ ሲሳሳት ኮንስትራክተሩ ውስጥ «ሪተርን ፎልስ» ብለሃል። ኮንስትራክተር የሚመልሰው ዋጋ ግን «ኒው» ብሎ ኦብጀክቱን ለፈጠረው ኮድ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ሁሌም ኦብጀክቱ ነው። ኦብጀክት ደግሞ «ኢፍ» ውስጥ ሲገባ «ትሩ» ነው። ስለዚህ «ዩዘር ካለ አስገባ» የሚለው መስመርህ ፓስዎርድ የተሳሳተውንም ሰው ያስገባል!

መፍትሔው ማረጋገጡን ከኮንስትራክተሩ ማውጣት ነው፤ ማሳጠሩም አብሮ ይመጣል። ዘጠኙን ለያቸው። የፒዲኦ (የፒኤችፒ ዳታቤዝ ማገናኛ) ግንኙነቱና ሴሽኑ መሣሪያ ናቸው፤ «ኦተንቲኬተር» የሚባል ሌላ ክላስ ሥራና ሁለቱን በኮንስትራክተሩ ይቀበል። መለያ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ የፓስዎርዱ ሃሽ (ወደ ኋላ እንዳይመለስ ተለውጦ የተቀመጠው ቅርጹ) እና አካውንቱ ክፍት መሆን አለመሆኑ የ«ዩዘር» መረጃ ናቸው። ፎርሙ ላይ የተሞሉት ኢሜይል፣ ፓስዎርድና «አስታውሰኝ» ግን የማንም ኮንስትራክተር ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ የ«ሎግኢን» ሜተድ ይቀበላቸው፣ ሲሳካ ዩዘሩን፣ ካልተሳካ «ነል» (ባዶ ዋጋ) ይመልስ። በተለይ ጥሬው ፓስዎርድ ፕሮፐርቲ እንዳይሆን፤ ኦብጀክቱን ሴሽን ውስጥ ስታስቀምጥ አብሮ ይጻፋል። ፒኤችፒ 8.2 ካለህ ፓራሜትሩ ፊት «ሴንሲቲቭፓራሜትር» የሚለውን አትሪቢዩት አድርግ፤ ኤክሰፕሽን ሲነሳ ፓስዎርዱ ስታክ ትሬስ (ስህተቱ የመጣበትን የጥሪ መንገድ የሚያሳየው ዝርዝር) ላይ አይታይም።

ኮንስትራክተር ፕሮሞሽን የሚያምርብህ ከዚህ በኋላ ነው። ከ8.0 ጀምሮ ፓራሜትሩ ፊት «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ስትል ፕሮፐርቲው ይፈጠራል፣ ዋጋውም ይገባል፤ አንድን ስም አራት ቦታ መጻፍ ቀረ፣ በኮንስትራክተሩ ጥምዝ ቅንፎች {} መሃልም ምንም አይቀርም። በ8.1 «ሪድኦንሊ» (አንዴ የገባ ዋጋ እንዳይቀየር የሚያደርገውን) ጨምርበት፤ ታይፕ ካልጻፍክለት ግን አይቀበልህም። አንድ ወጥመድ አለው፦ «ፓስዎርድ ኒድስ ሪሃሽ» አዲስ ሃሽ ያስፈልጋል ሲልህ ፕሮፐርቲውን ልቀይር ብትል ኤረር ይነሳል። አዲሱን ሃሽ ዳታቤዙ ላይ ጻፍና ዩዘሩን እንደገና ሥራው።

ከዳታቤዝ ረድፍ ዩዘር የሚሠራ «ፍሮምሮው» የተባለ ስታቲክ ሜተድም ይኑርህ። የአካውንቱ ሁኔታ ከማይኤስኪውኤል 1 ወይም 0 ሆኖ ይመጣል፤ «ስትሪክት ታይፕስ» (ታይፕ በራሱ እንዳይለወጥ የሚከለክለውን) ካበራህ «ቡል» (ትሩ ወይም ፎልስ) የሚጠብቀው ኮንስትራክተር ታይፕኤረር ይወረውራል፤ እዚሁ ሜተድ ውስጥ ቀይረው። ክላስህ ሌላ ክላስ የሚወርስ ከሆነ ደግሞ የራሱ ኮንስትራክተር ካለው የወላጁ በራሱ አይጠራም፤ አንተ ጥራው።

«ሴሽን ሪጀነሬት አይዲ»ንም ከኮንስትራክተሩ አውጣው። ኮንስትራክተሩ ዩዘር በተጫነ ቁጥር በየገጹ ይሠራል፤ የሴሽን መለያው መቀየር ያለበት ግን ፓስዎርዱ ትክክል መሆኑ በተረጋገጠባት ቅጽበት፣ «ሎግኢን» ውስጥ ነው።