ስለ ትምህርት ቤት ደህንነት ግራንት፦ ጋሽ ሙሉጌታን ጠይቁ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ማታ ጋሽ ሙሉጌታ አብረውን ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ስኩል ዲስትሪክት (የአካባቢ የትምህርት አስተዳደር) ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ ማመልከቻ፣ ሲጽፉና ሲከታተሉ 14 ዓመት ሠርተዋል። ርዕሳችን ስቴቶች ለትምህርት ቤት ደህንነትና ጥቃትን ለመከላከል የሚሰጡት ገንዘብ ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አጠር አድርጋችሁ ጠይቁ።

ጋሽ ሙሉጌታ፦ እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። ይህ ገንዘብ ለወላጅ በግል አይሰጥም። ደግሞም የማጽደቂያ ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ አንድ ዶላር እንዳታወጡ። ቀድሞ የወጣ ወጪ አይተካም። በዚህ የተጎዱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እሺ፣ ቀጥሉ።

ሰብለ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ 80 ልጆች አማርኛ ይማራሉ። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከትምህርት ቤቶቹ ግራንት ሊደርሰን ይችላል?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ሰብልዬ። ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከተመደበው አይደርሳችሁም። የእናንተ መንገድ ሌላ ነው። ፌማ፣ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ለቤተ እምነቶችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጠው የጥበቃ ግራንት አለ። ገንዘቡ የፌዴራል ነው፤ ማመልከቻው ግን የሚያልፈው በስቴቱ በኩል ነው። በ2024ቱ ዙር ጣሪያው ለአንድ ቦታ 200,000 ዶላር ነበር። መዋጮ አይጠይቅም። ነገር ግን ገንዘቡ ቀድሞ አይመጣም። እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ይተካል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው መጀመሪያ የሚያወጣው ገንዘብ አለው ወይ? እሱን ዛሬ ተነጋገሩበት።

ሦስት ነገር አዘጋጁ። የሕንፃው የተጋላጭነት ግምገማ፤ የትኛው በር፣ የትኛው መስኮት፣ መኪና ማቆሚያው ማታ መብራት አለው ወይ የሚለውን አንድ በአንድ የሚያሳይ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ተልእኮ ተጽፎ። ከዚያ ዩ ኢ አይ የሚባለው መለያ ቁጥር። ቁጥሩ በሳም ዶት ጎቭ በነፃ ይገኛል። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትስጡት። ግድግዳ የሚበሳ ወይም ውጭ የሚቆፈር ሥራ ከሆነ ደግሞ የአካባቢና የቅርስ ምርመራው ሳያልቅ ሠራተኛ አይግባ።

አንድ ሌላም አለ። ሜሪላንድ የጥላቻ ወንጀል ስጋት ላለባቸው ትምህርት ቤቶችና የሕፃናት መዋያዎች የራሱ ግራንት አለው። በሕንፃችሁ ውስጥ ፈቃድ ያለው መዋያ ካለ ሜሪላንድ የትምህርት ቤት ደህንነት ማእከልን ጠይቁ።

ብሩክ፦ ግራንት እንዴት ነው የሚገኘው?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ የምን ግራንት? ለማን? የት ስቴት? እነዚህን ጻፍልኝና እመልስልሃለሁ።

ዳዊት (አሌክሳንድሪያ)፦ እኛ ቨርጂኒያ ያለነውስ?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ቨርጂኒያ ከ2013 ጀምሮ የደህንነት መሣሪያ ግራንት አላት። በ2012 መጨረሻ ኮኔቲከት ውስጥ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ላይ ከደረሰው የተኩስ ጥቃት በኋላ የመጣ ነው። ለካሜራ፣ ለመገናኛ ሬዲዮ፣ ለበር መቆጣጠሪያ ይውላል። ለአንድ ዲቪዥን፣ ቨርጂኒያ ስኩል ዲስትሪክትን የምትጠራው እንዲህ ነው፣ ጣሪያው 250,000 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ ዲቪዥኑም 25 በመቶ ያዋጣል። የሚያመለክተው ዲቪዥኑ ነው፣ አንተ አይደለህም። አንተ የስኩል ቦርዱ ስብሰባ ላይ ሄደህ «ዘንድሮ ለየትኛው ሕንፃ ጠየቃችሁ?» ብለህ ጠይቅ።

ማህሌት፦ የልጄ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ባለፈው ወር ማስፈራሪያ ተጽፎ ተገኘ። መግቢያው ላይ የብረት መፈተሻ እንዲደረግ ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ለእሱ የሚከፍል ግራንት አለ?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ልጅሽ ደህና ናት? እንቅልፍ ትተኛለች? በመጀመሪያ እሱን ተከታተዪ።

አዎ፣ የሚከፍል አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ፓርክላንድ ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ላይ ከደረሰው የተኩስ ጥቃት በኋላ በመጋቢት 2018 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ የአካባቢ ፖሊሶችን በሚደግፈው ኮፕስ በሚባል ቢሮ በኩል ለመፈተሻ፣ ለቁልፍና ለመብራት እስከ 500,000 ዶላር ይሰጣል። ጊዜው 36 ወር፣ መዋጮው 25 በመቶ።

አሁን ግን አድምጪኝ። ስለዚህ ነገር ሳልናገር አላድርም። ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው ሴክሬት ሰርቪስ በ2019 ያወጣው ጥናት አለ። በትምህርት ቤት የተፈጸሙ 41 ጥቃቶችን አየ። ጥቃት ያደረሱት ልጆች ሁሉ አስቀድመው የሚያሳስብ ነገር አሳይተዋል። አብዛኞቹ በክፍል ጓደኞቻቸው ሲንገላቱ የኖሩ ነበሩ። መሣሪያ የተጠቀሙት ደግሞ በብዛት ያመጡት ከቤት ነው፤ ከወላጅ ወይም ከቅርብ ዘመድ። በ2021 ሌላ ጥናት ወጣ። ሳይፈጸሙ የከሸፉ 67 ውጥኖችን መረመረ። ያከሸፋቸው በብዛት የሰማ ሰው መናገሩ ነው፤ በተለይ ተማሪ።

እኔም በሥራዬ አይቻለሁ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጓደኛው የላከለትን መልእክት ለአውቶቡስ ሹፌሩ አሳየ። ሹፌሩ ለካውንስለሯ፣ ለተማሪዎች አማካሪዋ፣ ደወለ። በማግስቱ ጠዋት ቡድኑ ተቀምጦ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገር ነበር። ያ ልጅ አልታሰረም፣ ታከመ። ያን ቀን በሩ ላይ መፈተሻ ቢኖር ምንም አያሳይም ነበር፤ ልጁ ገና ምንም አልያዘም።

ቡድን ያልኩት የስጋት ገምጋሚ ቡድን ነው። አስተዳዳሪ፣ ካውንስለር፣ ሕግ አስከባሪ አብረው የሚቀመጡበት። ቨርጂኒያ በ2013 ለሁሉም የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሕግ ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። ሜሪላንድ በ2018 ግሬት ሚልስ ሃይ ስኩል ውስጥ ተማሪ ከተገደለች በኋላ ተከተለ። ስለዚህ ፊርማ ስታሰባስቡ ይህንንም ጨምሩበት፦ ቡድኑ በወር ስንቴ ይሰበሰባል? ሥልጠና የወሰደው መቼ ነው? አንድ ካውንስለር ስንት ልጅ ይዟል? የካውንስለሮቹ ማኅበር የሚመክረው ለ250 ተማሪ አንድ ነው። ሥልጠናም፣ የጥቆማ መስመርም፣ ለዚህ ቡድን የሚሆን ሥራም በዚያው በ2018ቱ ሕግ ገንዘብ አለው። የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው።

ለእኛ ቤት ደግሞ አንድ ነገር። ልጁ መጥቶ «እገሌ እንዲህ አለ» ሲለን «አርፈህ ተማር፣ በሰው ጉዳይ አትግባ» እንላለን። እባካችሁ ይህን አንበል። በዚህ አገር ያ ዝምታ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ዳዊት (አሌክሳንድሪያ)፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ፖሊስ በር ላይ ካልቆመ ይህ ሁሉ ወረቀት ነው። እኛ ጋ በ2021 የከተማው ምክር ቤት የትምህርት ቤት ፖሊሶቹን ገንዘብ አነሳ፤ በጥቅምት ራሱ መልሶ አስገባቸው። ለምን መሰለህ? ስላስፈለጉ ነው።

ትዕግስት፦ ዳዊት፣ አንተ የምታወራው በር ላይ ስለሚቆም ፖሊስ ነው። እኔ የማወራው ስለ ወንድሜ ነው። 10ኛ ክፍል እያለ ኮሪደር ላይ ተገፋፍቶ በካቴና ወጣ። ድሮ ቢሮ ተጠርቶ፣ አባባ መጥቶ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ዳዊት (አሌክሳንድሪያ)፦ እሱ የአንድ ፖሊስ ጥፋት ነው፣ የሁሉም አይደለም።

ትዕግስት፦ ለአንድ ልጅ አንድ ፖሊስ በቂ ነው።

ብሩክ፦ ሞንጎመሪ ካውንቲም በ2021 ፖሊሶቹን ከትምህርት ቤት አውጥቷቸው ነበር። በጥር 2022 ማግሩደር ሃይ ስኩል ውስጥ ተማሪ ሌላ ተማሪ ላይ ሲተኩስ ክርክሩ እንደገና ተነሳ።

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ልጆች፣ ይህ ክርክር ሌላ ምሽት ይበቃዋል። ከግራንት አንጻር ብቻ ልመልስ። ሜሪላንድ ለትምህርት ቤት ፖሊስና ለፖሊስ ሽፋን በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ይመድባል። ሕጉ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ፖሊስ ይኑረው አይልም። ወይ ፖሊስ፣ ወይ በቂ የፖሊስ ሽፋን ነው የሚለው። የሚወስኑት የመረጣችኋቸው ሰዎች ናቸው። ትዕግስት፣ ለወንድምሽ ከልቤ አዝኛለሁ።

ዮናስ፦ እኛም ቤተ ክርስቲያን አለን። ኮንትራክተሩ በዚህ ወር ካሜራውን በቅናሽ ሊገጥምልን ነው። አሁን ከፍለን በኋላ በግራንቱ ብናስተካውስ?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ አልኩት፣ ለሰብለም አልኩት። ደብዳቤው ሳይመጣ የወጣ ገንዘብ አይመለስም። ቅናሹ ይለፍ።

ዮናስ፦ ትንሽ ቀብድ ብቻ ብንከፍልስ?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ዮናስ፣ ቀብድም ወጪ ነው።

ሔለን፦ ማመልከቻውን የሚጽፍልን ሰው ከሚገኘው 10 በመቶ እፈልጋለሁ አለ።

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ተዉት። ሙያውን የሚያከብር ሰው በፐርሰንት አይሠራም።

ሔለን፦ የፌዴራሉ ገንዘብ ተቆርጧል ይባላል። እውነት ነው?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ በከፊል። በ2022 የወጣው ሕግ ለትምህርት ቤት ደህንነትና ለአእምሮ ጤና ብዙ ገንዘብ አምጥቶ ነበር። በሚያዝያ 2025 የትምህርት ሚኒስቴሩ ለትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የተሰጠውን ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ግራንት አቋርጣለሁ ብሎ ደብዳቤ ላከ። ስቴቶች ተባብረው ከሰሱ። በጣም ያሳዘነኝ ነገር ነው። ልጆቹ አንዴ ያመኗትን ሶሻል ወርከር ሲያጡ ሁለተኛ ለሌላ ሰው አይናገሩም። ስለዚህ በግራንት ሰው የሚቀጠር ከሆነ «ግራንቱ ሲያልቅ ደመወዙን ማን ይከፍላል?» የሚለው በማመልከቻው ላይ ይጻፍ። ካሜራ ግድግዳው ላይ ይቆያል። ሰው ግን ደመወዝ ካጣ ይሄዳል።

ፍጹም፦ ልጄን ቻርተር ስኩል ባስገባት ይሻላል?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ከርዕሱ ውጪ ነው።

ኤፍሬም፦ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ለጥበቃ ብዬ ቤት ውስጥ ሽጉጥ አለኝ። ያሉት ነገር አስደነገጠኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ፦ ስለጠየቅህ አመሰግንሃለሁ። ዛሬውኑ ቆልፍበት። ጥይቱን ለብቻ አስቀምጥ፣ ቁልፉንም ልጆች የማያውቁት ቦታ አድርግ። መሣሪያ ልጅ እንዳይደርስበት አድርጎ ማስቀመጥን የሚያዘው የሜሪላንድ ሕግ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ልጅ የሚለውን ዕድሜ ከ18 በታች አድርጎታል። የ17 ዓመት ልጅም ልጅ ነው። አልጋ ሥር ማስቀመጥ መቆለፍ አይደለም።

ማህሌት፦ ጋሼ፣ ስለ ፊርማው ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለን ስብሰባ ረቡዕ ነው። እንግሊዝኛዬ ለክርክር አይበቃም።

ጋሽ ሙሉጌታ፦ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለሽ። ነፃ ነው። ነገ ጠዋት ደውለሽ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በያቸው፤ በዕለቱ ከጠየቅሽ አይደርስም። ልጅሽን እንድታስተረጉም አታድርጊያት፤ ስለ ራሷ ፍርሃት ነው የሚወራው። ጥያቄዎችሽን በአማርኛ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ማክሰኞ ማታ አብረን እናያቸዋለን።

ሰብለ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እኔ ያንን ዩ ኢ አይ ቁጥር አሁኑኑ ልጠይቅ ሳም ዶት ጎቭ ላይ ገባሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ስም በእንግሊዝኛ እንዴት ልጻፈው?

ጋሽ ሙሉጌታ፦ በስቴቱ መዝገብ ላይ እንዳለው፣ አንድ ፊደል ሳታዛንፊ።