ስለ ከንፈርና ላንቃ መሰንጠቅ ሕክምና፦ ጥያቄና መልስ

የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ያለባቸውን ሕፃናት በሚከታተል የሕክምና ቡድን ውስጥ የምሠራ ነርስ እንደመሆኔ፣ ከወላጆች ለቀረቡት ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ የሦስት ሳምንት ሕፃን ነው። ከንፈሩም ላንቃውም ስለተሰነጠቀ ጡት መሳብ አልቻለም። አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና የማይደረግለት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ማደንዘዣውን በደኅና እንዲያልፍ መጠንከር ስላለበት ነው። ሐኪሞች ለከንፈር ቀዶ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ሲመሩበት የቆዩት መለኪያ ሕፃኑ 10 ሳምንት እንዲሞላው፣ ክብደቱ 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲደርስና ሄሞግሎቢኑ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዴሲ ሊትር ቢያንስ 10 ግራም እንዲሆን ነው፤ ብዙዎቹ ሕፃናትም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ ይሠራላቸዋል። ስለዚህ የእርስዎ የአሁኑ ሥራ ክብደት ማስጨመር ነው። ላንቃው ክፍት የሆነ ሕፃን ጡት ለመሳብ የሚያስችለውን ኃይል በአፉ ውስጥ መፍጠር ስለማይችል፣ ወተትዎን አልበው ቀና አድርገው በመያዝ በንጹሕ ስኒና ማንኪያ ወይም ሲጫኑት በሚለጠጥ ለስላሳ ጡጦ ቀስ እያሉ ይስጡት፤ በየመሐሉም ያስገሱት። ቅቤ ማዋጥ ለማንኛውም ሕፃን አይመከርም፤ ለእሱ ግን ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል እጅግ አደገኛ ነው። በየሳምንቱ ያስመዝኑት።

ጥያቄ፦ የልጄ ከንፈር ተሠርቶ ፊቷ አምሯል። የላንቃው ቀዶ ሕክምና ትምህርት ቤት እስክትገባ ቢቆይ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ከንፈሩ ሲድን ሕክምናው ያለቀ መስሏቸው የሚቀሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና። ላንቃ በአብዛኛው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ የሚዘጋው ልጅ አፉን የሚፈታበት ጊዜ ስለሆነ ነው። እንደ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ያሉት የቋንቋችን ድምፆች በአፍ ውስጥ አየር ታምቆ ካልቆየ አይወጡም፤ ላንቃው ክፍት ከሆነ አየሩ በአፍንጫ ስለሚያመልጥ ልጅቷ ድምፆቹን በጉሮሮዋ መተካት ትለምዳለች፣ ልማዱም ላንቃው ከተዘጋ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። ዕድሜዋ ቢያልፍም ቀዶ ሕክምናው ይጠቅማታል፤ የንግግር ሕክምናው ግን ይረዝማል። ወጪው ካሳሰበዎት፣ ስማይል ትሬይን የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ነፃ ቀዶ ሕክምናን ስለሚደግፍ፣ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታልን ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን ሪፈራል ሆስፒታል ይጠይቁ፤ የመጓጓዣ እርዳታ መኖሩንም አብረው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ የሕፃኑ አያት ነኝ። እንጥሉን ብናስቆርጠው ይሻለዋል ይሉናል።

መልስ፦ አይ እማማ፣ ፈጽሞ አይደረግም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ከመቻሉም በላይ፣ ሐኪሙ ላንቃውን ሲሠራ የሚያስፈልገውን ሥጋ ያሳጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ስጠራው አይዞርም፤ ከላንቃው ጋር ግንኙነት አለው?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ የሚከፍቱት ጡንቻዎች የላንቃው ጡንቻዎች በመሆናቸው፣ በእነዚህ ልጆች ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። መስማቱን ሳይዘገዩ ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ በሪያድ የምሠራ አባት ነኝ። ዘመዶች ባለቤቴን ይወቅሷታል። ቀጣዩ ልጃችንስ?

መልስ፦ ከንፈር የሚገጥመው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው የፅንስ ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው፤ ባለቤትዎ የፈጸመችው ጥፋት የለም፣ እርግማንም አይደለም። ይህንን ለዘመዶችዎ እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው ለእሷ ትልቅ እፎይታ ነው። ወላጆቹ ችግሩ ከሌለባቸው በሚቀጥለው ልጅ ላይ የመደገም ዕድሉ ከመቶ 4 ገደማ ነው። ከማርገዟ አስቀድማ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ትጀምር፣ መጠኑንም ሐኪም ይወስንላት፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በራሷ ሳታቋርጥ ታማክር።

ጥያቄ፦ ላንቃው ከተዘጋ በኋላ ምን ይቀራል?

መልስ፦ የንግግር፣ የጆሮና የጥርስ ክትትል ይቀጥላል። ስንጥቁ ድድን ያካተተ ከሆነ፣ ክራንቻ ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት፣ በ8 እና 11 ዓመት መካከል፣ ብዙውን ጊዜ ከዳሌ በሚወሰድ አጥንት ክፍተቱ ይሞላል። የመንጋጋ ማስተካከያ ለአንዳንዶች ብቻ ሲያስፈልግ፣ የሚሠራውም ዕድገት ሲያበቃ ነው። የእያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና ወረቀት ቅጂ ይያዙ፤ ስልክ ቁጥርዎ ከተቀየረም ሆስፒታሉ ለቀጠሮ እንዳያጣዎት ያሳውቁ።