የተረፈውን እንቁላል ይስጡ፤ ባዶ ካርቶኑን ግን አይቀበሉ

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት ዶሮዎች አሉኝ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ከቤት የተረፈውን እንቁላል ለጎረቤት እሰጣለሁ። አንዳንዶቹም ካርቶን ይዘው መጥተው ራሳቸው ለቅመው ይሄዳሉ። የወፍ ጉንፋን ወሬ ሲበዛ ግን ፈራሁ። ሰው አሳምም ይሆን? እንቁላሉን አጥቤ ብሰጥስ?

መልስ፦ እርስዎ የፈሩት ለሰው ነው። እኔ ደግሞ ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ ለዶሮዎችዎ ፈራሁ። «ካርቶን ይዘው መጥተው ራሳቸው ለቅመው» የምትለዋ ነገር አላስተኛ አለችኝ።

ከጤነኛ ዶሮ የተገኘ እንቁላል ነጩም አስኳሉም እስኪጠና ከበሰለ ስጋቱ በጣም ትንሽ ነው። መሃሉ ድረስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ምግብ ላይ ቫይረሱ አይተርፍም። በአካባቢዎ እገዳ እስካልተጣለ ድረስ መስጠትዎን አያቁሙ።

ይልቅ በሽታው ወደ እርስዎ ቤት የሚገባበትን መንገድ እንይ። ቫይረሱ ከታመመ ወፍ ኩስ ጋር ይወጣል። ኩሱ ጫማ ሥር ይለጠፋል፤ ካርቶን ላይም ይደርቃል። አንድ ያገለገለ የእንቁላል ካርቶን አንስተው ጎድጓዳውን ይዩት። የደረቀ ኩስ፣ የላባ ቁራጭ፣ የፈሰሰ አስኳል አያጡበትም። ወረቀት ስለሆነ ደግሞ አጥበው አያጸዱትም። ጎረቤትዎ ካርቶኑን ያገኘው ዶሮ ከሚያረባ ሌላ ሰው ቢሆንስ?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንቁላሉን ራስዎ ይልቀሙ። በማይመለስ የወረቀት ከረጢት አድርገው ከግቢዎ በር ላይ ያስረክቡ። አንዴ የወጣ ዕቃ ተመልሶ አይግባ። ለዶሮ ቤቱ ብቻ የሚሆን አንድ አሮጌ የፕላስቲክ ጫማ ይመድቡና በሩ ሥር ያስቀምጡት። ሲገቡ እሱን ይጫሙ፤ ሲወጡ እዚያው ያውልቁት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሌላ ሰው ዶሮ ቤት አይግባ፤ ልጆችም ቢሆኑ። ቅር የሚለው ጎረቤት ካለ ምክንያቱን ቁጭ ብለው ያስረዱት፤ ይገባዋል።

እንቁላል ማጠቡን በተመለከተ ግን ትንሽ ልቆጣዎት ነው። ብዙ ቤት የማየው ስህተት ነው። ቅርፊቱ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱን የሚሸፍን ስስ ልባስም አለው። ውሃ ልባሱን ያነሳዋል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ይኮማተርና ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስባል። ዶሮዎቹ የሚጥሉበትን ጭድ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ እንቁላሉ ከመነሻው ንጹሕ ይሆናል። በጣም የቆሸሸውን ለሰው አይስጡ።

ዶሮዎችዎ የሚጥሉት እንቁላል በድንገት ካሽቆለቆለ፣ ቅርፊቱ ከለሰለሰ፣ ኩክኔያቸው ከጠቆረ፣ ጭንቅላታቸው ካበጠ ወይም ሁለት ሦስቱ ባንዴ ከሞቱ በዚያው ዕለት መስጠቱን ያቁሙ። የሞተውን በባዶ እጅ አይንኩ። «ሳይሞት ልረደው» ብለው የታመመውንም እንዳያርዱ፣ አደራ። ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።