የማመልከቻችሁ ሁለተኛ አንቀጽ

በሥርዓተ ፆታ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የምታመለክቱ ልጆች ደብዳቤያችሁን «እስቲ እዪልኝ» ብላችሁ ትልኩልኛላችሁ። ገና ሳልከፍተው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ምን እንዳለ አውቀዋለሁ፤ ግርዛት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ጠለፋ። ከሚኒሶታ የመጣውም ከስቶክሆልም የመጣውም አንድ ነው። አብዛኞቻችሁ ደግሞ ቦሌ ተወልዳችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደጋችሁ ናችሁ፤ ጠለፋን የምታውቁት እንደ እኔው በወሬ ነው።

አልወቅሳችሁም። እኔም የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት አውሮፓ ውስጥ ሳመለክት የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ ፈረንጅ ከእኛ መስማት የሚፈልገው ይህን ነው ብዬ። ተቀበሉኝ። ከዚያማ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር «አንቺስ አገር?» እየተባልኩ የግርዛት ተጠሪ ሆኜ ከረምኩ። ችግሩ የለም አላልኩም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ግን በዚህ ላይ የሚጽፍ ሰው ቦታው ላይ የቆየ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚሰማ፣ ሌላው ቢቀር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ምን እንደሚል ያነበበ መሆን አለበት። አንቀጹን አንብባችኋል ወይ ብዬ ስጠይቅ እስካሁን «አዎ» ያለኝ የለም።

ታዲያ ምን እንጻፍ? የምታውቁትን። አንዲት ልጅ እንዲሁ የተለመደውን ደብዳቤ ልካልኝ ስናወራ እናቷ አረብ አገር የሰው ልጅ ስታሳድግ እሷ አያቷ ዘንድ እንዳደገች ነገረችኝ። አሠሪዋ እናቷ አጠገብ ስትሆን እናትና ልጅ በስልክ የሚነጋገሩት በምልክት ቃል ነበር፤ «ጤፍ ተወደደ ወይ?» ከተባለ አሁን ማውራት አልችልም ማለት ነው። ይህን ለምን አልጻፍሽውም ብላት፣ «ይኼ ደግሞ ጥናት ይሆናል?» አለችኝ። እንዴት አይሆን! የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው የካፋላ ሥርዓት፣ ልጅ የማሳደግ ሥራ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ እየተላለፈ መጨረሻ ላይ አያት ጫንቃ ላይ ማረፉ፣ የትምህርቱ እምብርት ነው። ዲሲ ውስጥ ሴቶች በዕቁብ ገንዘብ ቤት ሲገዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በወጥ ሽያጭ ያቆሙት እናቶች ሰበካ ጉባኤው ላይ ስንት ወንበር እንዳላቸው፣ ይኼም ይጻፋል።

ቋንቋችሁንም አትናቁት። እኔን መምህሮቼ ዘንድ ያስከበረኝ ስለ «አንተ» እና «አንቺ» የጻፍኩት ወረቀት ነው። አማርኛ አንድን ሰው ለማናገር ገና አፋችሁን ስትከፍቱ ወንድ ነው ሴት ብላችሁ እንድትለዩ ያስገድዳል፤ «እርስዎ» ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠፋል። እናት ደግሞ ሴት ልጇን ስታቆላምጥ «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» ትላለች። ፍቅር ሲመጣ ሰዋስው የሚገለበጠው ለምንድን ነው? አስተማሪዬ ለዚህ መልስ አልነበራትም፤ ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ስትጠይቀኝ ከረመች። (ወንዶችም ይህን ታነባላችሁና፣ ትምህርቱ የእናንተም ነው። የእኛ ክፍል ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ከሁላችን ጎበዝ።)

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አሜሪካ ማስተርሱ ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው፤ ዶክትሬቱ ግን በአብዛኛው ክፍያው ተነስቶ፣ ለምታስተምሩበት የወር ገንዘብ እየታሰበ ነው። ስለዚህ ብድር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ትችሉ እንደሆነ አጣሩ። ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በሴቶች ጥናት የአሜሪካን የመጀመሪያ ዶክትሬት የጀመረ ነው፤ ለዲሲ ሰዎች ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ጎረቤታችሁ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተማሪ ይከፍላል፤ በትምህርት ሳይሆን በቤተሰብ ወይም በጥገኝነት የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ግን አትከፍሉም። ይህን ሳያውቅ የተወ ስንት ሰው አለ! በርሊን ያላችሁ የሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ በጀርመንኛ ነውና ቋንቋውን አስቀድሙ። ጀማ (GEMMA) የሚባለው፣ በግራናዳ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የአውሮፓ የጋራ ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው፤ ከአንድ በላይ አገር ያስተምራል። እንግሊዝ ለማስተርስ ስትሄዱ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ባልና ልጅ ይዞ መግባት ቀርቷል፤ ይህ በአብዛኛው የሚፈቀደው ለምርምር ዲግሪ ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ደግሞ ጊዜ አታባክኑ፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

የምትገቡበት የትምህርት ክፍል ነገም መኖሩን ጠይቁ። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የዚህን ትምህርት ፈቃድ አንስታለች፤ ፍሎሪዳ ኒው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ቦርዱ ፕሮግራሙ እንዲዘጋ ድምፅ ሰጥቷል።

«በዚህ ላይ ማንም አልጻፈም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከፕሮፖዛላችሁ አውጡት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ለእረፍት ስትሄዱ ክፍት ነው። እኔ ዘጠኝ ወር ለፍቼ የደረስኩበትን ነገር አንዲት የአገር ቤት ልጅ ከእኔ አራት ዓመት ቀድማ፣ ከእኔ አሳምራ ጽፋው አግኝቻለሁ። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር!

ቃለ መጠይቅ የምታደርጉት ከወገን ጋር ከሆነ ደግሞ ከፈረንጆቹ የበለጠ ተጠንቀቁ። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ «ሦስት ልጆች ያሏት፣ ፍራንክፈርት ጽዳት የምትሠራ የጎንደር ሴት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ዕድሩ በሙሉ አወቃት። የአንድ ሰዓት የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ እኔን ሙሉ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ ጊዜያችሁን በዚያ ልክ ቁጠሩ።

«ምን ሥራ ታገኚበታለሽ?» ለሚሉ እናቶች እውነቱን ንገሯቸው፤ ዲግሪው ብቻውን ከባድ ነው። አብረውኝ ከጨረሱት ሥራ ቶሎ ያገኙት ከእሱ ጋር ስታቲስቲክስ፣ ሕግ ወይም የሕዝብ ጤና የነበራቸው ናቸው። እኔ ስምንት ወር ካፌ ውስጥ ሠርቻለሁ።

ሁለተኛውን አንቀጽ እንደገና ጽፋችሁ ስትልኩልኝ ከማመልከቻው መዝጊያ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይድረሰኝ። ትራንስክሪፕታችሁ አገር ቤት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ላኩ፤ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተሰልፎ የሚያወጣላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ ውክልናውን ኤምባሲ ማስጨረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።